የድኻ ልጅ ውል መጻፍ ሲማር

በ1704 መጀመሪያ ላይ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የእጅ ባለሙያዎችና የቀን ሠራተኞች በሚኖሩበት በሴንት አንትዋን ሰፈር፣ የአንድ ምጽዋት ትምህርት ቤት ንብረት በሹም ትእዛዝ ተወረሰ። ልጆቹ አይከፍሉም፤ መምህራኑም ከልጆቹ አንዲት ሳንቲም አይቀበሉም። ያስከሰሰው ታዲያ ምን ነበር?

ከሳሾቹ የከተማዋ የጽሕፈት መምህራን ናቸው። በማኅበር የተደራጁ፣ ልዩ መብት የተሰጣቸው፣ እጅ ጽሕፈትና ሒሳብ በክፍያ የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ። አቤቱታቸውም እንዲህ የሚል ነበር፦ ምጽዋት ትምህርት ቤት ለድኾች ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ መምህራን ግን የልጁን አባት ድኽነት ሳያጣሩ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ ከፍሎ ሊማር የሚችለውን ደንበኛችንን ወሰዱብን።

እኔ ከዚህ ክስ የምረዳው ነገር አለ። በዚያ ዘመን ለድኻ ልጅ ጸሎትና ግብረ ገብ ብቻ የሚያስተምር ቤት ሞልቶ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ቤት ፍርድ ቤት የሚያቆመው ነጋዴ የለም። የጽሕፈት መምህራኑ የተቆጡት ግን በገበያ ዋጋ ያለው ዕውቀት በነጻ ስለተሰጠባቸው ነው። ትምህርት ቤቱ የድኻን ልጅ እንጀራ የሚያበላ ሙያ እያስጨበጠው እንደነበረ ከማንኛውም ወዳጅ ምስክርነት ይልቅ የተቃዋሚዎቹ ክስ ያስረዳል።

ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ይባላሉ። በ1651 በሬምስ ከተማ ከታወቀና ከደላው ቤተሰብ ተወለዱ፤ የበኩር ልጅም ነበሩ። ገና በ15 ዓመታቸው የሬምስ ካቴድራል ካኖን ሆነው ተሾሙ። ካኖንነት ክብርም ቋሚ ገቢም ያለው የካህናት ማዕረግ ነበር፤ ባለ ጸጋ ቤተሰብ ለልጁ የሚመኘው ዓይነት። አባትና እናታቸውን በሃያዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ አጥተው ታናናሾቻቸውን የማሳደግ ኃላፊነት ተሸከሙ። በ1678 ቅስና ተቀበሉ። እስከዚህ ድረስ በሕይወታቸው ውስጥ ስለ ድኻ ልጆች ትምህርት የሚያሳስባቸው ነገር እምብዛም አልነበረም።

በ1679 አድሪያን ኒዬል የሚባሉ ሰው ከሩዋን ከተማ ወደ ሬምስ መጡ። ካህን አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን በድኾች ትምህርት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የመጡትም አንዲት ሀብታም የሬምስ ተወላጅ ለድኻ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ወጪውን እሸፍናለሁ ስላሉ ነው። ላ ሳል እንግዳውን ተቀብለው ምክር ሰጡ፣ ሰው አገናኙ፤ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ። ኒዬል መክፈት የሚወዱ፣ መቆየት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ፤ አንዱን ከፍተው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። የተከፈተውን የመያዝ ጣጣ ላ ሳል ላይ ወደቀ።

ጣጣው ሕንፃ አልነበረም፤ መምህራኑ ነበሩ። ያልሠለጠኑ፣ ክፍያቸው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ፣ ልጆችን ዝም የማሰኘት ዘዴ እንኳ የማያውቁ፣ የተሻለ ሥራ ባገኙ ቀን ጥለው የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ። ላ ሳል መጀመሪያ በአቅራቢያቸው ቤት ተከራዩላቸው። ከዚያ በገዛ ማዕዳቸው ያበሏቸው ጀመር። በ1681 ደግሞ ጭራሽ ወደ ቤተሰባቸው ቤት አስገቧቸው። ዘመድ አዝማድ ተቆጣ፤ የከተማው ሰው መሳቂያ አደረጋቸው፤ አብረዋቸው ይኖሩ የነበሩ ወንድሞቻቸውም ከቤት እስከ መወሰድ ደረሱ። ላ ሳል ራሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፉት ማስታወሻ ያልሸሸጉት እውነት አለ፤ መጀመሪያ ላይ እነዚያን መምህራን ከገዛ አሽከራቸው ዝቅ አድርገው ይመለከቷቸው ነበር፤ አንድ ቀን አብሬያቸው እኖራለሁ የሚል ሐሳብ ቢመጣባቸው ኖሮ ገና ከጅምሩ ይሸሹ እንደነበር ጽፈዋል። ለድኻ ማዘን እንጂ ከድኻ ጋር መኖር በሐሳባቸው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። መምህራኑ ስለ ነገ ይጨነቁ ነበር። ብንታመምስ? ብናረጅስ? ትምህርት ቤቱ ቢዘጋስ? ላ ሳልም የእግዚአብሔርን አሳቢነት፣ የሰማይ ወፎችን ምሳሌ እያነሱ ያጽናኗቸው ጀመር። መምህራኑ ግን ፊት ለፊት መለሱላቸው፤ እርስዎ እንዲህ መናገር አይከብድዎትም፣ የካኖን ገቢ አለዎት፣ የአባትዎ ርስት አለዎት፤ ትምህርት ቤቱ ቢፈርስ እርስዎ ቤትዎ ይቀመጣሉ፣ እኛ መንገድ ላይ እንቀራለን አሏቸው።

ብዙ በጎ አድራጊ እንዲህ ሲባል ይቆጣል፤ ውለታ ቢስ ብሎ በሩን ይዘጋል። ላ ሳል ግን ነገሩ እውነት ነው ብለው ተቀበሉ። በ1683 የካኖንነት ማዕረጋቸውን ተዉ፤ ቦታውንም ዘመድ እንደጠበቀው ለወንድማቸው ሳይሆን ለአንድ ድኻ ቄስ አሳልፈው ሰጡ። ርስታቸውስ? ሀብታቸውን የትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ቢያደርጉት ብዙ ሰው ደስ ይለው ነበር። ሆኖም የተከተሉት የአባ ኒኮላ ባሬን ምክር ነው፤ እኒህ መነኩሴ ትምህርት ቤቶቹ በሀብት ሳይሆን በእምነት ይቁሙ የሚሉ ሰው ነበሩ። ቀጥሎ በመጣው የረኃብ ክረምት ሀብታቸው ዳቦ ሆኖ ለሬምስ ድኾች ታደለ።

እዚህ ላይ እኔ በልቤ ከእሳቸው ጋር እከራከራለሁ። ትምህርት ቤት ያለ ቋሚ ገቢ ዘላቂ ይሆናል ብዬ ለማንም አልመክርም፤ እሳቸውም ራሳቸው ቀሪ ዕድሜያቸውን በገንዘብ ችግር ሲንገላቱ ኖረዋል። የተገኘው ፍሬ ግን ሊካድ አይችልም። መምህራኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ላ ሳልን የሚያዩት እንደ አሳዳሪ ጌታ ሳይሆን እንደ አንዱ የራሳቸው ወገን ሆነ። የሚመጣና የሚሄድ ቅጥረኛ ቀርቶ፣ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች የተባለ ማኅበር ተወለደ። ካህናት እንዳይሆኑም ደንባቸው አደረጉ፤ ቅዳሴውና ሹመቱ ከልጆቹ እንዳይነጥላቸው ሲሉ። መምህርነት ለእነሱ ወደ ሌላ ሥራ መሸጋገሪያ መሆኑ ቀረ፤ የዕድሜ ልክ ጥሪ ሆነ። የገጠር መምህራንን የሚያሠለጥን ቤትም ከፈቱ፤ በአውሮፓ ከመጀመሪያዎቹ የመምህራን ማሠልጠኛዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የዚያን ዘመን መምህር ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ፊደል ያስቆጥራል፤ አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ያንቀላፋሉ። ላ ሳልና ወንድሞቹ ልጆቹን በደረጃቸው መደቧቸው፤ በአንድ ደረጃ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ በዓይናቸው ይከተላሉ። ዛሬ ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። በዚያ ዘመንም ቢሆን ሐሳቡ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ በሥርዓት አደራጅተው በየከተማው ያስፋፉት ግን እሳቸው ናቸው። ለድኻ ልጅ ትርጉሙ ምንድን ነው ቢባል፦ ዕድሜው ለሥራ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ተራውን እየጠበቀ የሚያባክናት ጊዜ የለውም።

ሁለተኛው ለውጥ ቋንቋ ነው። በፈረንሳይ ልጅ ማንበብ የሚጀምረው በላቲን ነበር፤ የአገሩን ቋንቋ የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው። ላ ሳል ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ በፈረንሳይኛ ይጀምር አሉ። ለቻርትር ጳጳስ ባቀረቡት ማስረጃ ምክንያታቸውን ዘርዝረዋል። የድኻ ልጅ በትምህርት ቤት የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በላቲን ከጀመረ ላቲኑን ሳያውቀው፣ የአገሩንም ቋንቋ ሳይደርስበት ይወጣል፤ ላቲንም ለእጅ ባለሙያ የሚሰጠው ጥቅም የለም። ይህን ሳነብ የእኛ ንባብ ቤት ትዝ ይለኛል። ዳዊት በግዕዝ የሚደግም ልጅ ወደ ዜማና ቅኔ የሚሻገር ከሆነ መሠረቱ የጸና ነው፤ ያንን የሚያቃልል ሰው አይደለሁም። በመካከሉ አባቱ ለእርሻ ሥራ የወሰደው ልጅስ? ብዙዎቹ ከቃል ጥናት በቀር ለደብዳቤ የሚሆን ንባብና ጽሕፈት ሳይዙ ቀርተዋል። ላ ሳል ትምህርቱን ያዘጋጁት ለዚህ ለሚያቋርጠው ልጅ ነው። ምሁር የሚሆነው በየትኛውም መንገድ ይደርሳል፤ ሥርዓቱ መታሰብ ያለበት ለማይደርሰው ነው።

ሦስተኛው የጽሕፈት መምህራኑን ያስቆጣው ነው። ወንድሞቹ የሚመሩበት የትምህርት ቤቶች አመራር የሚባል ደንብ ነበራቸው፤ በ1706 በእጅ ጽሑፍ የተዘጋጀ፣ በ1720 የታተመ። በዚህ ደንብ መሠረት ልጁ የታተመውን ማንበብ ከቻለ በኋላ በእጅ የተጻፉ ሰነዶችን ማንበብ ይለማመዳል። ጽሕፈት ላይ ሲደርስም የሚያምር ፊደል በመቅረጽ ብቻ አይቆምም። ደረሰኝ ይጽፋል። የብድር ወረቀት ይጽፋል። የቤት ኪራይ ውል፣ የሠራተኛና የአሠሪ ውል ይጽፋል። ሒሳቡም በዘመኑ ገንዘብ ነው፤ 12 ደኒዬ አንድ ሶል፣ 20 ሶል አንድ ሊቭር እየተባለ የሚደመርና የሚቀነስ።

የሸማኔ ወይም የቀን ሠራተኛ ልጅ ይህን ይዞ ሲወጣ ምን እንደሚለወጥ አስቡት። አባቱ የተፈራረመበትን ወረቀት ያነብለታል። አራጣ አበዳሪ የጻፈውን ቁጥር ይመረምራል። የሱቅ መዝገብ የሚይዝ፣ ዕቃ ተረክቦ ደረሰኝ የሚሰጥ ሠራተኛ ለሚፈልግ ነጋዴ ራሱን ያቀርባል። ድኽነት የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ ወረቀት በያዘ ሰው ፊት አንገት መድፋትም ነው። ትምህርት ቤቱ ከዚህ ነጻ አወጣቸው።

ከ1699 ጀምሮ ደግሞ በፓሪስ ሴንት ሱልፒስ አጥቢያ፣ በሥራ ላይ ላሉ ወጣቶች እሑድ እሑድ ይማሩ ዘንድ ክፍል ተከፍቶላቸው ነበር፤ ከንባብና ጽሕፈት አልፈው ጂኦሜትሪና ንድፍ ተምረዋል። በሳምንቱ ቀን ትምህርት ቤት መምጣት የማይችለውን ሰው ሰነፍ ነው ብለው አልተዉትም።

ደንቡ ውስጥ የበለጠ የነካኝ ግን ስለሚቀሩ ልጆች የተጻፈው ነው። በየክፍሉ ሁለት ሦስት ልጆች የቀሪ ጠያቂዎች ተብለው ይመደባሉ፤ መንገዶችን ተከፋፍለው ያልመጣውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፤ ታሞ ከሆነ ያጽናናሉ፣ ምክንያቱንም ለመምህሩ ይነግራሉ። ወላጅ ልጁን ለሥራ ሲያስቀርም መምህሩ ያነጋግረዋል፤ ዛሬ ለምታገኘው ትንሽ ነገር ብለህ ልጅህ ነገ ሊያገኝ የሚችለውን እጅግ የሚበልጥ ጥቅም ታሳጣዋለህ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ለሥራ አይታጭም ይለዋል። ቁርስ የሚበላው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የተረፈውን ዳቦ አንድ ለዚሁ የተሾመ ልጅ ሰብስቦ ይዘው ላልመጡት ያካፍላል። ልጅ ለልጅ የሚሰጠው ስለሆነ ተቀባዩን የሚያሳፍረው ነገር ያነሰ ይመስለኛል።

ደንቡ ሙሉ በሙሉ ደግ ነው አልልም። ልጆቻቸውን የማይልኩ ድኾች ከአጥቢያው የሚሰጣቸው ምጽዋት እንዲቋረጥ ምጽዋት ሰጪዎችን መገፋፋት አንዱ መፍትሔ ሆኖ ተጽፏል። የተራበን ቤተሰብ በዳቦው ማስገደድ ነው፤ አልስማማበትም። አርጩሜና ጅራፍም ከክፍሉ አልጠፉም፤ ደንቡ ቅጣት እምብዛም እንዳይፈጸም ቢያሳስብም አልከለከለም። ወንድሞቹ የሚያስተምሩትም ወንዶችን ብቻ ነው፤ የሴቶች ልጆች ትምህርት በዚያ ዘመን የሌሎች ማኅበራት ሥራ ነበር። ስንቱ ልጅ ከድኽነት ወጣ የሚለውንም በቁጥር የምንናገርበት መሠረት የለንም፤ ያለን ማስረጃ የተማሩት ነገርና የተቀናቃኞቻቸው ቁጣ ነው።

ወደ ክሱ እንመለስ። የጽሕፈት መምህራኑ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፦ በድኾች መዝገብ ያልሰፈረ ልጅ አይግባ። ላ ሳል ደግሞ በር ላይ ቆሞ አባትህ ምን ያህል ድኻ ነው ብሎ መጠየቅን አልተቀበሉም፤ ትምህርቱ ለሁሉም በነጻ ነው፣ የመጣ ይግባ። የጫማ ሰፊው ልጅ፣ የለማኙ ልጅና የትንሹ ባለሱቅ ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጡ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ለጽሕፈት መምህራኑ ፈረደ፤ በ1706 የፓሪስ ፓርላማ የተባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። ወንድሞቹ ለጊዜው የፓሪስ ትምህርት ቤቶቻቸውን ለቀው ሄዱ።

በሕግ ቢረቱም ላ ሳል ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ድኻ ብቻ የሚማርበት ትምህርት ቤት ለልጁ ፊደል ከማስተማሩ በፊት ድኻ መሆኑን ያስተምረዋል። እዚያ የተማረ የሚለው ስምም እስከ ሥራ መፈለጊያው ቀን ይከተለዋል። ከባለሱቁ ልጅ ጋር አብሮ የተማረ ግን ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ጓደኛም ይዞ ይወጣል፤ የድኻ ልጅ ሥራ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በሚያውቀው ሰው በኩል ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ላ ሳል በ1719 በስቅለት ዓርብ በሩዋን ከተማ አረፉ። ያን ጊዜ ማኅበሩ 100 ገደማ ወንድሞች ነበሩት። በ1725 የሮማው ጳጳስ ማኅበሩን አጸደቁ። የፈረንሳይ አብዮት በትኖት ነበር፤ እንደገና ተሰበሰበ። በ1904 የፈረንሳይ መንግሥት የሃይማኖት ማኅበራት እንዳያስተምሩ ሲከለክል ብዙ ወንድሞች አገራቸውን ጥለው ወደ ውጭ ተበተኑ፤ ትምህርት ቤቶቹ በዓለም ዙሪያ እንዲስፋፉ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይህ ስደት ነው። ዛሬ ሥራቸው በ80 ገደማ አገሮች ይገኛል። አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በእነዚሁ ወንድሞች ነው፤ በአዳማም አሉ።

በአገራችን ዛሬ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በሚሲዮን ስም ለችግረኛ ልጆች የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለትውልድ ቀያቸው ትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰበስባሉ። ይህ የተባረከ ሥራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሚበዛው ገንዘብና ጉጉት ለሕንፃው ምርቃትና ለደብተር ዕደላ መሆኑ ነው። መምህሩ በወር መጨረሻ ቤቱ ምን ይዞ እንደሚገባ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰኞ ያልመጣውን ልጅ ማክሰኞ ማን ቤቱ ሄዶ እንደሚጠይቀው የተመደበ ሰው ብዙ ጊዜ የለም። ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚያቋርጠው ልጅ በዚያች ቀን እጁ ላይ ምን እንደሚኖር ማንም አያሰላም። በዚያ ላይ ልጁ ደብተር ተቀብሎ ፎቶግራፍ እንዲነሳ፣ ምስሉም ለለጋሾች እንዲላክ ይደረጋል፤ የሬምሱ ካህን በር ላይ ሊጠይቁት ያልፈለጉትን ነገር እኛ በአደባባይ እናሳየዋለን።

ስለዚህ በመጪው መስከረም ለችግረኛ ተማሪዎች ገንዘብ የምታሰባስቡ ወገኖቼ ሆይ፣ ከምትሰበስቡት ላይ ለመምህሩ ደመወዝና ለማሠልጠኛው ድርሻ ቁረጡ። ቀሪ ልጅ የሚጠይቅ ሰው መድቡ። ልጁ ከስምንተኛ ክፍል በፊት የቤት ኪራይ ውልና የሥራ ማመልከቻ በገዛ ቋንቋው መጻፍ፣ የሱቅ ሒሳብ መያዝ እንዲችል አድርጉ። ፎቶግራፉንም ተዉት።